«አትናደጂ» የሚባል መድኃኒት የለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ለረጅም ጊዜ አንብቤያለሁ። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈው ስለ ደም ግፊትና ስለ ንዴት ነው። ሐኪም አይደለሁም። አዲስ አበባ ውስጥ ባንክ ቤት በገንዘብ ከፋይነት 19 ዓመት የሠራሁ፣ የ46 ዓመት ሴት ነኝ። ግፊት እንዳለብኝ ካወቅኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እናቴም ነበረባት።

በእኛ አገር «ግፊት አለብኝ» ያለ ሰው ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው ምክር አንድ ነው። «አትናደድ» ይባላል። ጎረቤት ይለዋል፣ ዘመድ ይለዋል፣ ነጭ ጋዋን የለበሰም ይለዋል። ምክሩ ከባዶ ሜዳ አልመጣም። ንዴት፣ ጭንቀትና ሐሳብ በደም ግፊት ላይ እጃቸው አለበት። ነገር ግን ይህች አንድ ቃል በእኛ ቤት ያደረሰችውን ጉዳት አይቻለሁ። ብዕር ያነሳሁት ለዚህ ነው።

ከራሴ ልጀምር። መጋቢት ወር ነው፣ ዓርብ ማታ። ደመወዝ የገባበት ሰሞን ስለሆነ ሰልፉ በር ድረስ ነበር። ምሳ አልበላሁም። ከሰዓት በኋላ አንድ ስኒ ቡና ብቻ ነው የቀመስኩት። በሩ ተዘግቶ ሒሳቤን ስዘጋ 20 ሺህ ብር ጎደለኝ። ባለ 200 ብር ኖት በ100 ሲታሰር 20 ሺህ ይሆናል። የጎደለኝ ልክ አንድ እስር ነው ማለት ነው።

በማሽን ቆጠርኩ። በእጄ ቆጠርኩ። መሳቢያውን መዝዤ አወጣሁ። የቆሻሻ ቅርጫቱን ወለል ላይ ገለበጥኩት። እጄ ይንቀጠቀጣል። የልቤን ምት ጆሮዬ ውስጥ እሰማዋለሁ። ማጅራቴ ድርቅ ብሏል። ሥራ አስኪያጃችን መጥተው አጠገቤ ቆሙና «በስምሽ ይመዝገብ፣ ሰኞ እናየዋለን» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። አሠራሩ ነው። ጉድለት ከተገኘ ዕዳው የከፋዩ ነው።

ቤት ገብቼ ለማንም አልተናገርኩም። ባለቤቴ ከሥራ ተቀንሶ ቤት ከዋለ አራተኛ ወሩ ነበር። በእሱ ላይ ሌላ ሐሳብ አልጨምርም አልኩና ሆዴ ይቻለው ብዬ ዋጥኩት። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ መንገዴ ላይ ያለ መድኃኒት ቤት ገብቼ ተለካሁ። 168 በ104 ሆነ፣ በጣም ከፍ ያለ ነው። የለካችኝ ልጅ «የሚያናድድሽ ነገር አለ እንዴ?» አለችኝ። «አለ» አልኳት። «በቃ እሱ ነው፣ አትናደጂ» አለችኝ። እኔም አመንኳት።

ሰኞ ረፋዱ ላይ አንድ የእህል ነጋዴ መጡ። ሰልፍ ይዘው፣ ተራቸው እስኪደርስ ጠብቀው መስኮቴ ጋ ቆሙ። «ልጄ፣ ዓርብ አንድ እስር ትርፍ ሰጥተሽኛል። ትናንት ስቆጥር ነው ያየሁት» አሉና በመስኮቱ አሳለፉልኝ። የወረቀት ማሰሪያው ላይ የራሴ ፊርማ አለ። እንባዬ መጣ። እኚያን ሰው እግዜር ይስጣቸው፣ ባሉበት ሰላማቸው ይብዛ።

እንግዲህ ያናደደኝ ነገር ተፈታ። ግፊቱስ? በዚያው ሳምንት ሐሙስ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። 156 በ98። በሳምንቱ 158 በ100። በሦስተኛው ሳምንት 154 በ98። ገንዘቡ ተመልሷል፣ እንቅልፌ ተመልሷል፣ ሳቄም ተመልሷል። ግፊቱ ግን የትም አልሄደም። ያኔ ነው የገባኝ። የዓርቡ ንዴት ቁጥሩን የባሰ ከፍ አድርጎት ይሆናል። ከሥር ያለው ግፊት ግን ከዚያ በፊት የተቀመጠ ነው። ያ ጉድለት ባይኖር ኖሮ ዛሬም አልለካም ነበር።

ጤና ጣቢያ ያገኘኋት የጤና መኮንን ወጣት ናት። ትዕግሥቷ ግን የትልቅ ሰው ነው። ወረቀት ላይ እየሳለች አስረዳችኝ። ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲናደድ ከኩላሊቶቹ በላይ ያሉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል። ትንንሾቹ የደም ሥሮች ይጠብባሉ። «መኪና ስታጥቢ የውኃውን ጎማ ጫፍ በጣትሽ ጫን ስታደርጊው ውኃው እንዴት እንደሚወነጨፍ አይተሻል? እንደዚያ ነው» አለችኝ። ይኸው ድንጋጤ በነርቭ በኩል ለኩላሊትም ይደርሳል። ኩላሊት ጨውና ውኃ ይዞ እንዲያስቀር ይታዘዛል። አደጋው ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ከጅብ ለማምለጥ የተሠራ ነገር ነው። ጅቡ በየቀኑ ሲመጣስ? የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የጎደለ ሒሳብ፣ የታመመ ዘመድ። የደም ሥሮቹ ደጋግመው ከፍ ያለ ግፊት ሲችሉ ግድግዳቸው እየወፈረና እየደረቀ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ቢረጋጋም ሥሩ እንደ ድሮው አይላላም።

ሌላም ነገር ነገረችኝ። የጤነኛ ሰው ግፊት ሌሊት ሲተኛ ከቀኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል። ልብ የምታርፈው ያኔ ነው። እያሰበ የሚያድር ሰው ይህች እረፍት ትቀርበታለች። እኔ ስንት ዓመት ነው ጣሪያ እያየሁ ያደርኩት? ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ብቻ እንኳ ብቆጥር ብዙ ነው። የብር ኖት የተቀየረበት ዓመት ነበር። በሦስት ወር ውስጥ የአገሩ ገንዘብ ሁሉ በእኛ እጅ አለፈ። ያረጀ፣ የተቀደደ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ መሬት ውስጥ ከርሞ ሻጋታ ሻጋታ የሚሸት ብር ስንቆጥር እናመሽ ነበር። ራሴን ያመኝ ነበር። «ድካም ነው» እል ነበር። አንድም ቀን አልተለካሁም።

ጭንቀት ደግሞ በጓሮ በርም ይገባል። እኔ ሲጨንቀኝ ምሳ እተዋለሁ፣ ቡና እደጋግማለሁ፣ ማታ ደግሞ ጨው የበዛበት ነገር ያምረኛል። በእግር መሄድ ይቀራል። ሌላው ሲጨንቀው ወደ አረቄው ይሄዳል፣ ሌላው ጫቱን ይዞ ይቀመጣል። ጫት ራሱ ግፊት ይጨምራል። እንዲያውም ከንዴቱ ይልቅ ይኸኛው የባሰ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ንዴቱ በርዶ ልማዱ ይቀራል።

የእህቴ ልጅ የሕክምና ተማሪ ነው። አንድ ጥናት ነገረኝ፣ ከአእምሮዬ አልወጣም። ጣሊያን አገር ኡምብሪያ በሚባል አካባቢ 144 የገዳም ሴት መነኮሳትንና 138 በዓለም የሚኖሩ ሴቶችን ለብዙ ዓመታት ተከታተሉ። የ20 ዓመቱ ውጤት በ1988 እ.ኤ.አ. ታተመ። የሚበሉት ጨው ያን ያህል አይለያይም፣ የሰውነታቸው ክብደትም እንደዚያው። በዓለም ያሉት ሴቶች ግፊት ከዕድሜያቸው ጋር እየጨመረ ሄደ። የመነኮሳቱ ግን ባለበት ቆየ። ገዳም ውስጥ ዝምታ አለ፣ ጸሎት አለ፣ የታወቀ ሰዓት አለ። የሚሯሯጡበት ኑሮ የለም። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን አዘንኩ። ሁላችንም መመንኮስ አንችልም። ልጅ ያላት፣ ኪራይ የምትከፍል ሴት «ተረጋጊ» ስለተባለች ገዳም አይሆንላትም።

አሁን ስለ እናቴ ልናገር።

እናቴ «ደም ብዛት» ነበር የምትለው። ስሙ ራሱ ያሳስታል። ደም በዝቶ አይደለም። ደሙ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው የሚበዛው። እናቴ ግን «ደሜ በዛ» ብላ ዋግምት ታስደርግ ነበር። ማጅራቷ ላይ ጠባሳው ነበር። ጠዋት ጠዋት ነጭ ሽንኩርት ትውጣለች። ሐኪም ያዘዘላት አምሎዲፒን የሚባል የግፊት ኪኒንም ነበር፣ በቀን አንድ ፍሬ። እሷ ግን ስሙን «የንዴት ኪኒን» አለችው። ሐኪም ቤት «አትናደጂ» ብለዋታል፣ ኪኒንም ሰጥተዋታል። ሁለቱን አገናኘቻቸው። ከጎረቤት ጋር በውኃ መስመር ስትጨቃጨቅ «የንዴት ኪኒኔን አቀብዪኝ» ትላለች። ወንድሜ አምሽቶ ሲገባ አንድ ትውጣለች። ሰላም የሆነች ቀን ደግሞ «ዛሬ ምን አናደደኝና» ትላለች። እኛም ልጆቿ ትክክል ነው ብለን እናቀብላታለን።

በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ አንድ ጠዋት ቡና እየቆላች ነበር። ያን ቀን ማንም አላናደዳትም። ስትስቅ ነበር። ቀኝ እጇ ማማሰያውን ለቀቀው። ልታነሳው ጎንበስ ስትል ወደቀች። አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ነበር። ቡናው ብረት ምጣዱ ላይ አርሮ ቤቱን ጭስ ሞላው። ማንም አላስታወሰውም። ስትሮክ ነው አሉን፣ የአንጎል የደም ሥር አደጋ። ዘጠኝ ቀን ተኝታ አረፈች። 63 ዓመቷ ነበር።

ከአርባዋ በኋላ ዕቃዋን ስናነሳ የብስኩት ጣሳዋን ከፈትኩት። ክር፣ መርፌ፣ የድሮ ፎቶ፣ ኪኒን። በወር ማለቅ የነበረበት የ30 ቀን ኪኒን ከተገዛ ሰባት ወር አልፎታል። 11 ፍሬ ይቀረዋል። ቁጭ ብዬ ደጋግሜ ቆጠርኩት። መቁጠር ሥራዬ ነው። በሰባት ወር ውስጥ 19 ቀን ብቻ ነው የታከመችው። የቀረውን ጊዜ «ደህና ነኝ» እያለች ግፊቱ ሥራውን ይሠራ ነበር። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ አይሰማም። በንዴት ጊዜ ብቻ አይመጣም፣ በሳቅ ጊዜም አለ።

ስለ እናቴ ሌላም የሚቆረቁረኝ ነገር አለ። ከእሷ ሞት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደሴ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ አረፈ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ «ግፊት አለባት፣ አትንገሯት፣ ቀስ ብለን እናርዳታለን» አለ። ይህ በየቤቱ ያለ ነገር ነው። አምስት ሳምንት ደበቅናት። እሷ ግን በየእሁዱ ትደውልለት ነበር። «ስልኩ ለምን ይዘጋል?» ትላለች። «ኔትዎርክ ነው» እንላለን። እንጀራ እያቀረበች ፊታችንን ታያለች። ገብተን ስንወጣ ዓይኗ ይከተለናል። ሌሊት ተነስታ በረንዳው ላይ ትቀመጣለች። መርዶው የተነገራት ቀን ሰው ገና በጠዋቱ ግቢውን ሞላው። እናቴ አልደነገጠችም። «አውቄዋለሁ፣ እናንተ እስክትነግሩኝ ነው የጠበቅኩት» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ከሰው ጋር እንዳላለቅስ ለምን ከለከላችሁኝ?» አለችን። መልስ አጣን።

የመርዶ ሥርዓታችንን አልነቅፍም። በጠዋት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ አቅፎና ደግፎ መንገር ትልቅ ጥበብ ነው። ድንገተኛ ሐዘን ልብን ይጎዳል፣ ብቻውን ሆኖ መርዶ በስልክ የሚሰማ ሰውም ያሳዝነኛል። እኔ የምለው ስለ አምስቱ ሳምንት ነው። ለግፊቷ አስበን ያደረግነው ነገር አምስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነሳት። «አትናደጂ» ሲባል ውሎ አድሮ «አይነገራት» ይሆናል። ያ ሰው ከቤቱ ወሬ ይገለላል። ቤቱ በሹክሹክታ ይሞላል። ይህ ያረጋጋል?

ግፊት ያለበት ሰው ራሱም መናገር ይተዋል። ብትናገር «ይኸው ተናደድሽ» ትባላለች። ስለዚህ ንዴቷን በሆዷ ትውጠዋለች። ከታመመችም ጥፋቱ የእሷ ይሆናል፣ «ንዴተኛ ስለሆነች ነው» ይባላል። እናቴ ንዴተኛ አልነበረችም። አምስት ልጅ ብቻዋን ያሳደገች፣ የሚያናድድ ነገር የበዛባት ሴት ነበረች። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ሥራ ቦታ ላይም እንደዚያው ነው። ሮበርት ካራሴክ የሚባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1979 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት አሳብ አለ። ሰውን በጣም የሚጎዳው የሥራ ብዛት ብቻውን አይደለም ይላል። ሥራው በዝቶ፣ ሠራተኛው ግን በሥራው ላይ የመወሰን ሥልጣን ሲያጣ ነው። ከዚያ ወዲህ በተሠሩ ጥናቶች ይህ ዓይነቱ ሥራ ከደም ግፊት ጋር ተያይዞ ታይቷል። ሳነበው የእኔን መስኮት የጻፉ መሰለኝ። ሰልፉን እኔ አልወስንም። ምሳ የምወጣበትን ሰዓት እኔ አልወስንም። ጉድለት ሲመጣ ግን በስሜ ነው። የታክሲ ሹፌሩም፣ የስፌት ፋብሪካዋ ልጅም፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራዋም ይህን ያውቁታል።

ከዚያ ዓርብ በኋላ ለሥራ አስኪያጃችን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። ጉድለት ሲገኝ በሰው ስም ከመመዝገቡ በፊት ሌላ ባልደረባ አብሮ ይቁጠር አልኳቸው። ተቀበሉኝ። አሁን ሁለት ሆነን እንቆጥራለን። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ማታ ብቻዬን ያንን ቅርጫት እንደማልገለብጥ ማወቄ ግን ለእኔ ትልቅ ነው። የምሳውን ነገር ገና እየጠየቅን ነው። አለቆች ይህን ካነበቡ ልመናዬ ይኸው ነው። ሠራተኛ «ተረጋጋ» ከሚባል ምሳውን በሰዓቱ ይብላ።

ለጤና ባለሙያዎችም አንድ ቃል አለኝ፣ በአክብሮት። ሰልፉ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ፣ እኔም የሰልፍ ሰው ነኝ። ግን «አትናደጂ» ከምትሉን «እንቅልፍ ትተኛለሽ? ቤት ምን አለ? ኪኒኑን በየቀኑ ነው የምትወስጂው ወይስ ሲያምሽ?» ብላችሁ ጠይቁን። እናቴን ይህን የመጨረሻውን አንድ ሰው ቢጠይቃት ኖሮ መልሷን ሰምቶ ይደነግጥ ነበር።

መለካቱም ወግ አለው። እኔ አንዴ ደረጃ ወጥቼ፣ እያለከለክኩ፣ በስልክ እያወራሁ ተለክቻለሁ። እንደዚያ የተለካ ቁጥር አይታመንም። አምስት ደቂቃ ቁጭ ማለት ያስፈልጋል። ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳይጣመር መሬት ረግጦ፣ ክንድ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትይዩ ሆኖ፣ ዝም ብሎ። ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡናም ሲጋራም የለም። ሐኪም ፊት ብቻ ግፊቱ የሚወጣ ሰው አለ። ሐኪም ፊት ደህና ሆኖ ሥራው ላይ የሚወጣበትም አለ። ስለዚህ አንድ ቀን ታይቶ አይፈረድም፣ አንድ ቀን ታይቶም ነፃ አይወጣም። በጤና ተቋም ሲለካ ደጋግሞ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከ100 ሰው 16 ያህሉ ግፊቱ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። አብዛኛው ሰው ደግሞ በሕይወቱ ተለክቶ አያውቅም ነበር። መንገድ ዳር ሚዛንና መለኪያ ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ጋ እንኳ ጎራ ብሎ ማየት ለመነሻ ይሆናል። ከፍ ካለ ጤና ጣቢያ ሄዶ ማረጋገጥ ነው።

እኔ አሁን ኪኒኔን በየቀኑ ማታ ከጸሎት በኋላ እወስዳለሁ፣ ብናደድም ባልናደድም። ሽሮና በርበሬዬን ያለ ጨው አስፈጫለሁ። ድሮ ከወፍጮ ጨው ይዞ ይመጣል፣ ድስት ላይ ደግሞ እንጨምርበት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው፣ 5 ግራም አይሞላም። ከሳሪስ አቦ ወደ ጎተራ በሳምንት አራት ቀን በእግሬ እሄዳለሁ። ሲከፋኝ ለባለቤቴ እነግረዋለሁ። የዚያን ዓርብ ነገር በመጨረሻ ስነግረው የተናደደው ስለ ገንዘቡ አይደለም። ሁለት ሌሊት አጠገቡ ተኝቼ ሳልነግረው በማደሬ ነው።

ትናንት ጠዋት 128 በ82 ነበር። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። የእናቴ 11 ፍሬ ኪኒን እስካሁን በዚያው ጣሳ ውስጥ አለ። ታናሽ እህቴ 41 ዓመቷ ነው። አንድም ቀን አልተለካችም። «እኔ አልናደድም» ትላለች። ቅዳሜ ጠዋት አብረን ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፣ ቃል አስገብቻታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የባንክ ሠራተኛ፣ ከሳሪስ